ባንኮክ ላይ ያልበላሁት

ብሪክስተን ገበያ ዓሣ መሽተቱ አዲስ ነገር አይደለም። ስንት ዓመት ከባተርሲ በአውቶቡስ እየመጣሁ ጎመንና ሎሚ የምገዛበት ቦታ ነው፤ አፍንጫዬ ተላምዶታል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጄ ሜሮን ክንዴን ይዛ ገበያው ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ የታይላንድ ምግብ ቤት ስታስገባኝ፣ ገና በሩ ላይ አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። የበሰበሰ ዓሣ ጭማቂ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ በላዩ ደግሞ ያ ሎሚ ሎሚ የሚል ሣር። «ኡፍ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ነጠላዬንም አፍንጫዬ ላይ ከመርኩት። በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ፈረንጆች ቀና ብለው አዩኝ። ይዩኝ! ሜሮን ግን አፈረች። «ማሚ፣ ፕሊስ» አለችኝ በጥርሷ መሀል፣ «ትለምጂዋለሽ፤ ጀስት ትራይ ኢት።»

ትለምጂዋለሽ ትለኛለች እኮ! እኔ ይህንን ሽታ እሷ ገና ቦርሳ አዝላ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴን የተረዳሁት በዚህ ሽታ መሀል ነው። እንግዲህ እኔ እንደ ወንድሜ አይደለሁም፤ ሰውን አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ አደላድዬ ካስቀመጥኩ በኋላ ክፉ ወሬ የማወጣ ሴት አይደለሁም። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወንድሜ ተስፋዬ ባንኮክ ላይ ሲቀበለኝ የእናታችንን መርዶ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነበር። እኔ እህል ሳልቀምስ ደግሞ ሊነግረኝ አልቻለም፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርማ! እኔም ባንኮክ ውስጥ አንድ የሚበላ ነገር አላገኘሁም። ነገሩ ይኸው ነው።

ጊዜው ከምርጫው በኋላ ነው። ወሩንና ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ፖለቲካውንም ለሚያውቁት ትቻለሁ። እኔ የማስታውሰው የስልክ ካርዱን ነው። ዊልስደን ዋናው መንገድ ላይ አንድ የሀበሻ ሱቅ ነበር፤ መስኮቱ በሲዲ ሽፋን ተለጥፎ ውስጡ የማይታይ፣ በሩ ሲከፈት የበርበሬና የእርጥብ ካርቶን ሽታ የሚወጣው፣ ከጥግ ያለች ትንሽ ቴፕ ቀኑን ሙሉ ትዝታ የምታንቆረቁርበት። አውቶቡስ እየቀያየርኩ እዚያ ድረስ የምሄደው ለእንጀራው ብቻ አልነበረም፤ ባለሱቁ የትኛው ካርድ እንደማይሰርቅ ያውቃል። አምስት ፓውንድ ነው ካርዱ። ጀርባውን በሳንቲም ትፍቃለህ፣ ቁጥሩን ትነካለህ፣ ሴትዮዋ ሁለት ሰዓት አለህ ትልሃለች፣ «ሄሎ፣ እንዴት ናችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለህ ሳትጨርስ ጥርቅም ይላል። ሌቦች! ያን ጊዜ ወጣቶቹ ያንን እንደ ፍራሽ የተነፋ ጃኬት ለብሰው፣ ባንዲራ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ እኔ፣ ጓደኛዬ ጽጌና ሌሎቹ ሴቶች ነጠላችንን ካፖርት ላይ ደርበን፣ በብርድ ሰልፍ ወጥተን ሁለት ጣታችንን እያነሳን ስንጮህ እንውል ነበር። ከዚያ አንዱ ካፌ ገብተን እጃችንን በሻይ ኩባያ እናሞቃለን፣ ኮምጣጤ የፈሰሰበት ድንች ጥብስ እንካፈላለን። እሱንም ቢሆን አልወደውም። ግን ቢያንስ ድንች መሆኑ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ አገር ቤት መግባት ለእኔ ነገር ሆነ። «ፎቶ ተነስተሻል፣ ስምሽ ተይዟል» አሉኝ። እኔ ምን ቤት ነኝ ስሜ የሚያዘው? የሆቴል አንሶላ ስቀይር የምውል ሴት! ግን ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ሜሮን ሳትወለድ የተለየኋትን እናቴን ለማየት ትኬት ልቆርጥ ስል ቀረሁ። በስልክም አልገኝ አለች። «እማዬ ጠበል ገብታለች» ይለኛል ተስፋዬ። ደግሞ ሌላ ጊዜ «ጆሮዋ ደከመ፣ በስልክ አትሰማሽም» ይላል። አገር ቤት ያለ ዘመድ ጠበል ገብታለች ማለት ሲያበዛ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሀበሻ ያውቃል፤ እኔም የሌላ ሰው እናት ብትሆን ኖሮ ወዲያው አውቅ ነበር። የእኔ እናት ግን ደህና ሆናም ጠበል የምትወድ ሴት ነበረች። ራሷን ሲያማት ጠበል፣ ጎረቤት ስታኮርፋት ጠበል። ስለዚህ አመንኩት።

ተስፋዬ ታናሼ ነው። መርካቶ ውስጥ የልጆች ልብስና ጫማ ይነግድ ነበር፤ ዕቃውን የሚያመጣው ከባንኮክ ነው። አንድ ቀን ደወለና «እትዬ፣ ለምን ባንኮክ አንገናኝም? እኔም ለዕቃ እመጣለሁ፣ ላንቺም ቅርብ ነው» አለኝ። ባንኮክ ለለንደን ቅርብ ነው ብሎ የሚያስብ የመርካቶ ነጋዴ ብቻ ነው! ደስታዬን ግን አትጠይቁኝ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ ሜሮንን አባቷ ዘንድ አደረግሁ፣ ለእማዬ ውስጡ በበግ ፀጉር የተለበደ የቤት ጫማ ገዛሁ። እግሯን ይበርዳት ነበር፤ በሐምሌ ካልሲ ደራርባ ነው የምትተኛው። ያንን ጫማ በእጅ ቦርሳዬ ይዤው ነው የሄድኩት፣ ሻንጣ ቢጠፋ እንኳን እሱ እንዳይጠፋብኝ።

ተስፋዬ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትቼው ስሄድ ሱሪው ከወገቡ የሚንሸራተት ቀጫጫ ልጅ ነበር፤ አሁን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ሰላም አለኝ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ እሱ ከእኔ ባሰ። «በቃ እንጂ፣ ምን ሆንክ?» እያልኩ አባበልኩት። ናፍቆት መስሎኝ! ፊቱን በእጅጌው ጠረገና መጀመሪያ የጠየቀኝ «በልተሻል?» ብሎ ነው።

«አውሮፕላን ላይ ሰጥተውናል።»

«የአውሮፕላን ምግብ ምግብ ነው? ነይ፣ መጀመሪያ እንብላ።»

የወሰደኝን ቦታ ምግብ ቤት ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ከጨርቅ ገበያው ጀርባ፣ ፍሳሽ የሚወርድበት ቦይ ዳር፣ የፕላስቲክ በርጩማ የተደረደረበት የእግረኛ መንገድ ነው። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይጫናል፤ ሞተር ብስክሌቱ ጭሱን ሳህን ላይ ተፍቶ ያልፋል፤ ባለቤቲቱ በአንድ ጨርቅ ጠረጴዛውንም ሳህኑንም አንገቷንም ትጠርጋለች። ጎድጓዳ ሳህን መጣ። ጥቁር መረቅ፣ እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ፣ በላዩ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ቡኒ ነገር። ምንድነው ስለው «ጉበት ነው፣ ብዪ» አለኝ። ማንኪያዬን ሳስጠጋው ጉበቱ ተንቀጠቀጠ። ዕድሜ ልኬን ጉበት ስከትፍ የሚንቀጠቀጥ ጉበት አላየሁም! «ተስፋዬ፣ ይሄ ደም ነው!» ብል ዓይኑን ሰበረ። «የረጋ ነው እኮ፣ በስሏል» ይለኛል። ደም! ያውም የአሳማ ደም! አፌን በመዳፌ አፍኜ ተነሳሁ።

በማግስቱም ያው፣ በሌላውም ቀን ያው። ወንድሜ ንግዱን እርግፍ አድርጎ ትቶ እኔን ከጉሊት ጉሊት ማዞር ሥራው አደረገው። የተጠበሰ ፌንጣ በጋሪ፣ አባጨጓሬ የመሰለ ወፍራም ትል፣ ጊንጥ በስንጥር ተሰክቶ። ጊንጥ! እኛ አገር ሰው ጊንጥ ሲያይ ሊመታው ጫማውን ያወልቃል፤ እነሱ ጨው ይነሰንሱበታል። አንድ ቀን ደግሞ ቆዳው እሾህ የሆነ፣ የሚያህለው የሕፃን ራስ፣ የሚሸተው ከአልጋ ሥር የሞተ አይጥ የሆነ ፍሬ ገዝቶ መጣ። ሆቴሉ ራሱ ሥዕሉን በር ላይ ለጥፎ ይዞ መግባት ክልክል ነው ያለበት ፍሬ ነው! «ሆድ ይሞላል አሉኝ» አለ። ዘበኛው በር ላይ መለሰው፤ እግዜር ይስጠው። እኔ በሙዝና ከለንደን በያዝኩት ብስኩት ቀኔን እገፋለሁ። «ሙዝ ምግብ አይደለም» እያለ ይጨቃጨቀኛል፤ «ሰው እህል ነው የሚበላው።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። እግሬ ራሱ ይዞኝ ተሻገረ። አንዲት ሴት ሙቀጫዋን ጭኖቿ መሀል ይዛ፣ ልክ እንደ እኛ ሰፈር ሴት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትወቅጣለች። «እሰይ! ይህንንማ እበላለሁ!» አልኩት። የተስፋዬን ፊት ብታዩት! ሎተሪ የወጣለት ነው የሚመስለው፤ ሮጦ በርጩማ አመጣልኝ። ሴትዮዋ ያልበሰለ ፓፓያ ሸርከት ሸርከት አድርጋ ጨመረች። ይሁን አልኩ። ሎሚ ጨመረች። ጎሽ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከባልዲ ውስጥ አንድ ጥቁር ሸርጣን አወጣች፤ ጥሬውን፣ ከነእግሩ፣ ከነዛጎሉ፤ ሙቀጫው ውስጥ ወረወረችና ደቆሰችው። የዛጎሉ ቀጭ ማለት እስከ ዛሬ ጥርሴን ያመኛል። በላዩ ደግሞ ያንን የበሰበሰ ዓሣ ጭማቂ ከጠርሙስ አንደቀደቀችበት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ዘወር ስል ተስፋዬ እኔ ልቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ዱለት በጥሬው ስትበዪ ያደግሽ ሴት ነሽ» አለኝ ሲደርስብኝ። «ጨጓራ፣ ጉበት፣ ያውም ሐሞት ጠብ አድርገሽበት! ይሄ በምን ይብሳል?»

«እሱ የበግ ነው! ንጹሕ ነው!»

«ለእነሱም ይሄ ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው እነሱ ይብሉት!»

«በሞቴ፣ እትዬ። አንዴ ብቻ። አፈር ስሆንልሽ።»

ብሎ ብሎ ሲያቅተው፣ ሌላ ጉሊት አስቀምጦኝ፣ ሩዝና ዓሣ በጣቱ ጠቅልሎ ጉርሻ ወደ አፌ አመጣ። የዚያ አገር ሰው በማንኪያ እየበላ አፍጥጦ ያየናል። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም፤ ወንድሜ ነው፣ ያን ሁሉ ዘመን ተለያይተን። አፌን ከፈትኩ። ሽታው ቀድሞ ገባ። አፌን ዘጋሁ። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ፤ ጭማቂው በክንዱ እየወረደ ትንሽ ጠበቀኝና ራሱ ጎረሰው። ሲያኝክ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ቃሪያው ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ እሱንም ተጸየፍኩት። በልጅነቱ ዝንብ የገባበት ወተት የማይነካ ልጅ ያንን ሁሉ ቆሻሻ ሲመጠምጥ ማየት አስጠላኝ። ይሄ ማነው? የማነው ወንድም? ብዬ አሰብኩ።

ሆቴል ስንመለስ የእማዬን ጫማ አውጥቼ አሳየዋለሁ። እጁን እየከተተ ፀጉሩን ይዳብሰዋል። «ልኳ ነው» አለኝ፤ «ብርድ አይነካትም አሁን።» ከዚያም ሻንጣው ሥር፣ ከገዛው የልጆች ልብስ ሁሉ በታች፣ ቀስ አድርጎ አስገባው። እኔ ምን አውቃለሁ! ደስ አለኝ። ደግሞ በየደቂቃው ስልኩ ይጮኻል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ኮሪደር ይወጣል፤ «አልበላችም» ሲል እሰማዋለሁ፤ «ገና አልበላችም።» ለሚስቱ ሊያማኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። የለንደኗ እህቴ ተጸየፈችን እያለ ነው አልኩ። መርዶውን በየአቅጣጫው እየጠየቁት እንደሆነ፣ ነገርካት ወይ እያሉ ቁም ስቅሉን እንደሚያሳዩት በምን ልወቅ?

ረቡዕ ዕለት በጾም ተመካኝቼ ልገላገል ስል «የጾም ቤት አገኘሁልሽ!» ብሎ እየሮጠ መጣ። ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት፣ ሥጋም እንቁላልም ወተትም የማይገባበት፣ የሃይማኖታቸው ጾመኞች የሚበሉበት ቤት ነው አለኝ። በእውነቱ ቤቱ ንጹሕ ነበር። ተቀመጥን። ሳህኑ ሲመጣ ግን ምን አለበት መሰላችሁ? ዳክዬ! ከነቆዳው የተቆራረጠ የተጠበሰ ዳክዬ! «አኩሪ አተር ነው፣ በእግዜር» ይላል ተስፋዬ። «አኩሪ አተር ላባ የተነቀለበት ቀዳዳ አለው?» አልኩት፤ ቆዳው እኮ ብጉር ብጉር ብሏል! ባለቤቱ መጥቶ በእጁ ገነጣጥሎ አሳየኝ፤ እውነትም አጥንት የለውም። ያም ሆኖ አልነካሁትም። ጾመኛ ሰው ምን ሲል ነው ጎመኑን ሥጋ አስመስሎ የሚሠራው? ማንን ሊያታልል? «በረቡዕ ዳክዬ ልታበላኝ!» ብዬ ጮኼበት ወጣሁ።

ነገሩ የፈነዳው ከዚያ ስንመለስ ነው። በአንድ ቀጭን መንገድ ስናልፍ ከላይ ፎቅ ሽታ ወረደ፤ በበርበሬ የሚቁላላ ሽንኩርት። አፍንጫዬ አይዋሸኝም! «ተስፋዬ፣ እዚህ ሀበሻ አለ!» አልኩ። «የለም» አለኝ ፊቱ አመድ መስሎ። ወዲያው አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች፤ ሻሽ ያሰረች፣ የእኛው ሰው። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ክው ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ትርንጎ የምትባል ሴት ናት፤ ነጋዴው ሁሉ እሷ ቤት እንደሚበላ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁሉም የእናቴን መሞት ሰምቷል፤ አንዱ «እግዜር ያጽናሽ» ካለኝ ደግሞ አለቀ። ስለዚህ እዚያ ከተማ ውስጥ ልበላው ከምችለው ምግብ ሁሉ ሲደብቀኝ ከረመ። ያን ጊዜ ግን ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ «ንጹሕ አይደለም እዚያ» ነው ያለኝ። ንጹሕ አይደለም! ደም ሊያበላኝ የነበረ ሰው!

«አፈርክብኝ አይደል?» አልኩት መንገድ ላይ። «እህቴ ለንደን ናት ስትል ከርመህ፣ አንሶላ አንጣፊ መሆኔን እንዳያውቁብህ ነው። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ!»

ግድግዳ ተደገፈ። «እትዬ» አለኝ፤ ድምፁ ተሰባብሮ። «አንድ ነገር ብቻ ቅመሺልኝ። ከዚያ ወዳልሽው እወስድሻለሁ።» ጥዬው ወደ ሆቴሉ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ዘግቼ ወረድኩ፤ ተስፋዬም ተከተለኝ። ሆቴሉ በር ላይ አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ በማለዳ ድስቷን ይዛ ትቀመጥ ነበር፤ ልብ ብያት አላውቅም። ቀረብ ብዬ አሸተትኩ። ምንም አይሸትም! ሩዝ ነው፣ እስኪፈርስ የተቀቀለ፣ ጨውና ዝንጅብል ያለው፤ አራስ የምትጠጣው አጥሚት ነው የሚመስለው። ከጎኗ ካሉት ዓሣና ሌላም ሌላም ነገር እንዳትጨምርብኝ በእጄ ከለከልኳት፤ ሳቀችና ነጩን ብቻ ቀዳችልኝ። ቆሜ ጀመርኩ፣ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ፣ ሌላ ድገሚኝ አልኳት። ሆዴ ውስጥ ሙቀቱ ሲወርድ ቁጣዬም አብሮ ወረደ። «ይህን ደብቀህብኝ ነው አንተ ተንኮለኛ!» እያልኩ ሳቅሁ። ተስፋዬ አይስቅም። ዓይኑ ማንኪያዬን ይከተላል፤ ከሳህኑ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ ሳህኑ። ስጨርስ መሐረብ አውጥቶ አፌን ጠረገልኝ።

«ጠገብሽ?»

«ጠገብኩ። እግዜር ይስጥልኝ በላት።»

«በይ እንሂድ።»

ያንን ትናንት ጎትቶ ያሳለፈኝን መንገድ ይዞኝ ገባ፤ ወደዚያ ፎቅ ደረጃውን አስወጣኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ታረቀኝ፣ በሰው ፊት ሊያኮራኝ ነው ብዬ መቀነቴን አስተካከልኩ። በሩ ሲከፈት ቤቱ በሰው ሞልቷል። ነጋዴዎቹ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፣ እጃቸውን አጣምረው። አንድ ሰው ፈገግ አላለም። ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። ወደ ተስፋዬ ዞርኩና «ታዲያ ጫማውን ለማን ብለህ ነው የተቀበልከኝ?» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የጮህኩትን አላውቀውም። የማውቀው ሩዙን ነው። ሁለቱም ሳህን እንዳለ ተመለሰ፤ በትርንጎ ምንጣፍ ላይ፣ በወንድሜ ጫማ ላይ፣ ዝንጅብሉ አፍንጫዬን እያቃጠለ። ለካ ለዚህ ነው! ለካ ያ ሁሉ በሞቴ፣ ያ ሁሉ ብዪልኝ፣ ለበዓል የተገዛ በግ እንደሚቀለብ ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ ሩዝ ቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ ምክንያቱን ለሜሮን እንኳን ነግሬያት አላውቅም። ልማዱንም እጠየፈዋለሁ። ስለ ደግነቱ ለእኔ አትንገሩኝ፤ አውቀዋለሁ። ባተርሲ ውስጥ ብቻዬን፣ በዚያ ሌባ የስልክ ካርድ ሰምቼ ወለል ላይ እንዳልወድቅ ብሎ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ መጣ። ሐዘኑን ለብቻው ታቅፎ እኔን ሊያበላኝ ሲለፋ ሰነበተ፤ እሱም እኮ እናቱ ናት። አውቃለሁ። ግን አሁንም ይቀፈኛል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ተስፋዬ በደወለ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «እትዬ፣ በላሽ?» ይለኛል። እኔም «ደም ሳይሆን እንጀራ በላሁ» እለዋለሁ፤ እንስቃለን። ሰሞኑን ብቻ ድምፁ ጠፋ። ጉሮሮውን ታሞ ሐኪም አትናገር ብሎታል አለችኝ ሚስቱ። ጎሽ ይረፍ፣ አፉ መቼ አርፎ ያውቃል አልኩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው እዚያች የብሪክስተን ምግብ ቤት ተቀምጬ የማስበው። ሜሮን ሽሪምፕ እንደማልነካ ስለምታውቅ ሩዝና ዓሣ አዘዘችልኝ። እሷ ለራሷ ምንም አላዘዘችም። ዓሣው መጣ፤ ከነዓይኑ፣ ያ ጭማቂ ተንጣልሎበት። ሳህኑን በጣቴ ራቅ አደረግሁት። የሜሮን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይርገበገባል፤ ታጠፋዋለች፤ መልሶ ይርገበገባል። በመጨረሻ አንስታ ወደ በሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አፏን በእጇ ጋርዳ። ቤቱ ጠባብ ነው አላልኳችሁም?

«ኖ፣ ኖት ዬት» ስትል ሰማኋት። «አልበላችም። ገና አልበላችም።»

ተመልሳ ተቀመጠችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ማሚ፣ መጀመሪያ ብዪ፣ ኦኬ?»

«ማነው?» አልኳት።

«ዋት ዱ ዩ ሚን ማነው? ምግቡ እኮ እየበረደ ነው—»

«ሜሮን። እኔ በዚህ አልፌበታለሁ። ማነው?»

የለንደን ልጅ ናት፤ በእንግሊዝኛ ምናልባት ትዋሽ ይሆናል፣ በአማርኛ ግን አትችልም። «እነ እትዬ ጽጌ ሳትበላ እንዳትነግሪያት አሉኝ፤ ቤት እየጠበቁን ነው፣ ሁሉም መጥተዋል» አለች። «ማሚ፣ አይ ካንት ዱ ዚስ። አይ ኤም ሶ ሶሪ። ጋሼ ተስፋዬ ነው።»

አልጮህኩም። ሜሮን ተነስታ ልትይዘኝ እጇን ዘረጋች፤ ቁጭ በይ አልኳት። ሹካውን ወደዚያ አደረግሁና ሳህኑን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ሩዙን ከዓሣው ጋር በጣቴ ጠቀለልኩ፤ ጭማቂው በክንዴ ወረደ፤ ፈረንጆቹ እንደገና ቀና ብለው አዩኝ። «ማሚ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» ትላለች እያለቀሰች። የበሰበሰ ዓሣ ነው፤ ያኔም ነበር፣ አሁንም ነው። ሆዴ ወደ ላይ መጣ፣ መልሼ ዋጥኩት። ደግሜ ጠቀለልኩ። እያለቀስኩ፣ እየቀፈፈኝ፣ ጨረስኩለት።